«ትጠቀሚያለሽ?» ማለት ብቻ አይበቃም፦ የአንድ መጠይቅ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

በእጃችን ያለው ሥራ ይህ ነው። ለአንድ የሴቶች ጤና የዳሰሳ ጥናት የወሊድ መከላከያውን ክፍል እናዘጋጃለን። ከዚያ ሴቶቹ የሚሰጡት መልስ ከእውነታው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም እንፈትሻለን። ክፍሉ አጭር ነው። ከእሱ የሚወጣው ቁጥር ግን ሩቅ ይሄዳል። ስንት መርፌና ስንት የክንድ ኢምፕላንት እንደሚገዛ የሚወሰነው በከፊል በዚህ ቁጥር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች አመልካች 3.7.1፣ ማለትም መከላከያ ከሚፈልጉ ሴቶች ስንቱ በዘመናዊ ዘዴ ፍላጎታቸው እንደተሟላ የሚለካው፣ የሚሰላው ሴቶች ለጠያቂ ከሰጡት መልስ ነው። በ2012 ለንደን ላይ የተጀመረውና ዛሬ ኤፍፒ2030 የሚባለው የቤተሰብ ዕቅድ ጥምረትም እድገቱን የሚከታተለው በአብዛኛው በዚሁ ዓይነት መረጃ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አቋም ይዤ ነው የገባሁት። መልስና እውነታ ሲለያዩ ቶሎ «ሴቶቹ እውነቱን አይናገሩም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን አልቀበልም። ሆን ብሎ መደበቅ አለ፤ ለዚያም በቂ ምክንያት አለ። አብዛኛው ስህተት ግን የሚመነጨው እኛ ከምንጠይቅበት መንገድና ከምንጠይቅበት ቦታ ነው። ይህ እውነት ከሆነ የማስተካከሉ ኃላፊነትም የእኛ ነው።

የተረከብነውን መጠይቅ ስናነብ

በአንድ ጥያቄ ነው የሚጀምረው። «በአሁኑ ጊዜ እርግዝናን ለማዘግየት ወይም ለመከላከል የሚያደርጉት ነገር ወይም የሚጠቀሙት ዘዴ አለ?» አዎ ካለች «የትኛው?» ትባላለች። የለም ካለች ጠያቂዋ መልስ የምትሞላበት ታብሌት ኮምፒውተር ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል። ብዙ ጥናቶች የሚጠይቁት በዚሁ መልክ ነው። በ1984 የተጀመረው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዲኤችኤስ የምንለው፣ ይህን አካሄድ በብዙ አገሮች አስለምዷል።

ጥያቄው የሚፈልገው ሴትየዋ አሁን የምታደርገውን ነው። ሆኖም እርግዝናን በደንብ የሚከላከሉት ዘዴዎች በየዕለቱ ምንም አያስደርጉም። ከዓመታት በፊት ቱቦዋን ያስቋጠረች ሴት ዛሬ የምታደርገው ነገር የለም። ማህፀኗ ውስጥ ሉፕ ያለባት ሴትም እንደዚሁ። የመዳብ ሉፕ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ስለ እሱ እንድታስብ የሚያስገድዳት ነገር ላይኖር ይችላል። ባሏ ቫዜክቶሚ (የወንድ ዘር ቱቦ ማስቋጠር) ያደረገ ሴት ደግሞ ነገሩን ከናካቴው የእሷ ጉዳይ አድርጋ ላትቆጥረው ትችላለች።

በየቀኑ ሥራ የሚጠይቀው ኪኒን ግን ተቃራኒው ነው። ፓኬቱ ቤት ውስጥ ካለ «እወስዳለሁ» ይባላል፤ ለሳምንት ሳይነካ ቢከርምም። እንግዲህ ስህተቱ ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም፤ አቅጣጫ አለው። ምንም የማያስደርገው ዘዴ ይረሳል፤ በየቀኑ የሚያስደርገው ይጋነናል። ሥራችንን ሁሉ በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ለማዋቀር ወሰንን።

ሌላው ያሳሰበን ታብሌቱ የሚያደርገው ዝላይ ነው። አንዴ «የለም» ካለች ነገሩን የሚያቃና ሁለተኛ ዕድል የለም። ስለዚህ «የለም» ካለች በኋላ የሚመጡ አጫጭር ጥያቄዎች ጨመርን። ልጅ እንዳይወልዱ የተደረገልዎት ቀዶ ሕክምና አለ? ክንድዎ ውስጥ የተቀበረ አለ? ማህፀንዎ ውስጥ የገባ አለ? ባለፉት አራት ወራት የተወጉት የወሊድ መከላከያ መርፌ አለ? እያንዳንዱ ጥያቄ ስለ አንድ የሚታወቅ ነገር ነው። «ተጠቃሚ ነኝ ወይስ አይደለሁም» ብሎ መፍረድ የሴትየዋ ሥራ መሆን የለበትም። ፍርዱ የእኛ ነው፤ እሷ ያለውን ትንገረን።

ቅድመ ሙከራ

ጠያቂዎቻችን አዲሱን መጠይቅ ይዘው የመጀመሪያዎቹን ቃለ መጠይቆች አደረጉ። ከአንዲት ጠያቂ ጎን ተቀምጬ ያዳመጥኩትን እንዳለ ልጻፈው፤ ሴትየዋ ለሥልጠና እንድንጠቀምበት ፈቅዳልናለች።

«እርግዝና ለመከላከል አሁን የሚጠቀሙት ነገር አለ?»

«የለም። ድሮ ኪኒን እወስድ ነበር። ራሴን ሲያመኝ ተውኩት።»

«እሺ እህቴ። ክንድዎ ውስጥ የተቀበረ አለ?»

«እሱማ አለ። ይኸው።»

እጅጌዋን ሰበሰበች። ጣቷን ስታሳርፍበት ከቆዳዋ ስር ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ተለይተው ታዩ።

«መቼ ነው የተቀበረልዎት?»

«ቀኑን እንጃ። ትንሿ ልጄን የመጨረሻ ክትባቷን ያስከተብኩ ዕለት ነው። እዚያው ገብቼ አስደረግሁት።»

ጠያቂዋ የልጅቷን የክትባት ካርድ ጠየቀች። ካርዱ ላይ ቀኑ አለ። በዚህ ዓይነት «የለም» ብሎ የተጀመረ መልስ ዘዴውንም፣ የተጀመረበትንም ቀን ይዞ ተጠናቀቀ።

ሁለት ዘንግ መሆኑ ራሱ መረጃ ነው። ሁለት ዘንግ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የተባለውን ሆርሞን የያዘው ነው፤ የተፈቀደለት ዕድሜ እንደ ምርቱ ቢለያይም በብዛት የሚታወቀው የአምስት ዓመቱ ነው። ባለ አንድ ዘንጉ ኢቶኖጀስትሬል የተባለ ሌላ ሆርሞን የያዘው ሲሆን ሲሠራበት የቆየው ዕድሜው ሦስት ዓመት ነው። «ስንት ዘንግ ነው?» የሚለውን ጥያቄ በዚያው ማታ መጠይቁ ውስጥ አስገባነው። ቀኑ ሲገኝ ጊዜው ያለፈበት መሆን አለመሆኑንም እናውቃለን። ጊዜው ያለፈበት ኢምፕላንት ክንዷ ውስጥ ያለ ሴት «አዎ፣ እጠቀማለሁ» ትላለች፤ መልሷም ትክክል ነው። እኛ ግን ጥበቃው አሁንም አለ ብለን መቁጠር አለመቁጠራችንን ለይተን መያዝ አለብን።

ክንድ ማየትን በተመለከተ ደንብ አወጣን። ጠያቂ «ያሳዩኝ» አትልም። ሴትየዋ ራሷ ካሳየች ይመዘገባል፤ ካላሳየች በቃሏ እንቀበላለን።

ኪኒን

እዚህ ላይ ብዙ ቆየን።

ኪኒንን በተመለከተ ሁሌም የምመለስበት በ1996 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሴቶቹ በየቀኑ ኪኒን መውሰዳቸውን ማስታወሻ ላይ ይጽፋሉ። ኪኒኑ ያለበት መያዣ ደግሞ እያንዳንዷ ኪኒን የወጣችበትን ጊዜ በኤሌክትሮኒክስ ይመዘግባል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ በማስታወሻቸው መሠረት በአንድ ዑደት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ኪኒን የተዘለለው ከ10 እስከ 14 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ነበር። መሣሪያው ግን ከ30 እስከ 51 በመቶ አሳየ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሴቶች በየዕለቱ እንዲጽፉ የተጠየቁ ናቸው። እኛ የምንጠይቀው ደግሞ ወራት ካለፉ በኋላ፣ በአንድ አጭር ጥያቄ ነው።

ኪኒን በትክክል ከተወሰደ በዓመት ውስጥ ከሺህ ተጠቃሚዎች ሦስት ያህሉ ብቻ ናቸው የሚያረግዙት። በተለመደው አወሳሰድ ግን ከመቶ ሰባት ያህል ይሆናሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተዘለሉት ኪኒኖች ናቸው። «ኪኒን ትጠቀማለች» የሚል አንድ ሳጥን ይህን ሁሉ ውጦ ያስቀራል።

የለወጥነው እንዲህ ነው። «ኪኒን ይወስዳሉ?» በሚለው አናቆምም። «የመጨረሻዋን ኪኒን መቼ ዋጡ?» እንላለን። ከዚያ «አሁን የያዙት ፓኬት ቅርብ ከሆነና ለማሳየት ፈቃደኛ ከሆኑ አብረን እንየው» እንላለን። ባለ 28ቱ ፓኬት ላይ የተቀደዱትን ቀዳዳዎች መቁጠር ቀላል ነው። ፓኬቱን የጀመረችበት ቀን ከታወቀ ስንት መቀደድ እንደነበረበት እናውቃለን።

የጥያቄው አነጋገርም ተቀየረ። «ዘለው ያውቃሉ?» የሚለው የወቀሳ ድምፅ አለው። በምትኩ «ኪኒን በየቀኑ ማስታወስ ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ባለፉት ሰባት ቀናት ሳይውጡ ያለፉበት ቀን ስንት ነው?» ተባለ። አንዲት ተሳታፊ ይህን ስትሰማ ትከሻዋ ወረደ። «ሁለቴ ረስቻለሁ፣ አንዴ ደግሞ አልቆብኝ ነበር» አለች። ማለቁና መርሳቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መርሳት የአወሳሰድ ጉዳይ ነው፤ ማለቅ የአቅርቦት። ስለዚህ ምክንያቱንም መመዝገብ ጀመርን።

መርፌ

መርፌ ለሂሳብ ይመቻል። በብዛት የሚሰጠው የሦስት ወሩ፣ ዲፖ የሚባለው፣ በየ13 ሳምንቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከ አራት ሳምንት የዘገየችም ብትሆን ያለ ተጨማሪ ምርመራ እንድትወጋ ይፈቅዳል። 91 ቀን ሲደመር 28 ቀን፣ 119 ቀን ማለት ነው። የሁለት ወሩ መርፌ ደግሞ ስምንት ሳምንት ሲሆን የሚፈቀደው መዘግየት ሁለት ሳምንት ነው፤ በድምሩ 70 ቀን።

ስለዚህ መጠይቃችን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የትኛው መርፌ እንደሆነና መጨረሻ የተወጉት መቼ እንደሆነ። ቀሪውን ታብሌቱ ያሰላዋል። በሙከራው ሁለት ዓይነት ሴቶች አጋጠሙን። አንዷ «አዎ፣ መርፌ ነው የምወጋው» አለች፤ የመጨረሻው መርፌዋ ግን ከተቆጠረው ጊዜ በጣም አልፏል። መርፌ ዘዴዬ ነው ብላ ስለምታስብ ነው አዎ ያለችው፤ የምትመለስበትን ቀን ሥራ ቀማት። ሌላዋ «ትቼዋለሁ» አለች፤ ነገር ግን የተወጋችው ባለፈው ወር ነው። ከእንግዲህ አልወጋም ብላ ስለወሰነች ነው እንዲያ ያለችው። ሰውነቷ ግን ገና ተጠብቋል።

ሁለቱም እውነት ነው የተናገሩት። የመጀመሪያዋ ስለ ልማዷ፣ ሁለተኛዋ ስለ ውሳኔዋ። እኛ የፈለግነው ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነበር። አሁን ዳታው ውስጥ ሁለት ተለዋዋጮች አሉ። አንደኛው «ራሷ እንደገለጸችው» ነው፤ ሁለተኛው «ከቀኑ እንደተሰላው»። አንዱን በሌላው መተካት አልፈለግንም። ልዩነታቸው ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ የጤና ተቋም ቀጠሮ የት ላይ እንደሚላላ ያሳያል።

ማን አጠገብ ተቀምጧል?

መጠይቅ የቱንም ያህል ቢስተካከል በር ላይ አማት ቆማ ከሆነ ዋጋ የለውም።

ባሏ ሳያውቅ የምትጠቀም ሴት ብዙ ናት። በ1998 የታተመ አንድ ግምገማ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ጥናቶች ላይ ተመርኩዞ ከጠቅላላው ተጠቃሚነት ከ6 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው በስውር እንደሆነ ገምቷል። ለእነዚህ ሴቶች «የለም» ማለት ራስን መጠበቅ ነው። የእኛ ቁጥር ከእሷ ደኅንነት አይበልጥም። ይህን ለጠያቂዎቹ በሥልጠናው መጀመሪያ ነገርናቸው፤ በመሃልም ደጋግመን ነገርናቸው።

በተግባር ያደረግነው ይህ ነው። ሰው ሲገባ ጠያቂዋ ወዲያው ስለ ልጆች ክትባት ወደሚጠይቅ ገጽ ትቀይራለች፤ ታብሌቱ ላይ ለዚህ የሚሆን አንድ ቁልፍ አስቀመጥን። ክፍሉ ሲያበቃ ጠያቂዋ ማን ሊሰማ ይችል እንደነበር ትመዘግባለች፤ ባል፣ አማት፣ ትልልቅ ልጆች፣ ማንም። እንግዲህ በትንተናው ጊዜ ለብቻቸው የተጠየቁትን ሰው ፊት ከተጠየቁት ለይተን ማየት እንችላለን። የመርፌ ቀጠሮ ካርድ የምንጠይቀውም ሌላ ሰው ከሌለ ብቻ ነው። ካርዱን ደብቃ የያዘች ሴት አለችና።

ባልና ሚስት ለየብቻ በተጠየቁባቸው ጥናቶች ወንዶቹ ከሴቶቹ የበለጠ መከላከያ እንጠቀማለን ይላሉ፤ ልዩነቱ በተለይ ኮንዶም ላይ ጎልቶ ይታያል። ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ወይም ሌላ ቦታ ጓደኛ ያለው ባል የሚናገረው ከሌላ ሴት ጋር ስለተጠቀመው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የባልን መልስ የሚስትን ማረሚያ አድርገን አልወሰድነውም።

ኮንዶም ላይ የቃል መልስ ምን ያህል እንደሚፈተን የሚያሳይ ከዚምባብዌ የመጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ከሴት ብልት በተወሰደ ናሙና ውስጥ በወንድ ዘር ፈሳሽ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ፈለጉ። ፕሮቲኑ ከግንኙነት በኋላ ለሁለት ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። ከተገኘባቸው ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ግንኙነት አልነበረኝም ወይም በኮንዶም ብቻ ነው ያሉ ነበሩ። የሚገርመው፣ ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ ሰምተው ራሳቸው ኮምፒውተር ላይ እንዲመልሱ የተደረጉትም ፊት ለፊት ከተጠየቁት የተሻለ አልመለሱም። ይህን ካነበብኩ በኋላ «ሁሉንም በጆሮ ማዳመጫ እናድርገው» የሚለውን ሐሳብ ደገፍኩት ለማለት ይቸግረኛል። መሣሪያ ብቻውን አያድንም። የቃልና የምርመራ ልዩነቱ ኮንዶም ሲወልቅ ወይም ሲቀደድ የተፈጠረም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እኛ «ባለፈው ግንኙነት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነበር ወይ?» ብለን ለይተን እንጠይቃለን።

የወር ሰንጠረዡ

መጠይቁ ውስጥ ያለፉት አምስት ዓመታት ያህል በወር በወር የሚሞሉበት ሰንጠረዥ አለ። በየሳጥኑ ወሊድ፣ እርግዝና፣ የተቋረጠ ጽንስ፣ የመከላከያ ዓይነት ወይም ምንም ተብሎ ይገባል። አንዲት ሴት መከላከያ ስትጀምር፣ ስታቆም፣ ስትቀይር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው ሳለ ያረገዘች ስንት እንደሆነች የሚሰላውም ከዚህ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1986 ፔሩ ውስጥ ሰንጠረዡ ከተለመደው የቃል ጥያቄ ጋር በሙከራ ተነጻጽሮ የተሻለ መረጃ ሰጥቶ ነበር። ድክመቱም ይታወቃል። ሴቶች የተጠቀሙበትን ጊዜ በ6፣ በ12፣ በ24 ወር ያጠጋጋሉ። የሁለት ተከታታይ ጥናቶች መረጃ ሲተያይ ደግሞ አዲሱ ሰንጠረዥ ስለ ቀድሞው ጊዜ የሚሰጠው የተጠቃሚ ቁጥር የቀድሞው ጥናት በጊዜው ካገኘው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ያለፈው ጊዜ እየራቀ ሲሄድ አጭር አጠቃቀም ከማስታወስ ይጠፋል። በሰሜን አፍሪካ ሞሮኮ በ1992 እና በ1995 ተመሳሳይ ሴቶች ተጠይቀው ነበር። በጥቅሉ ቁጥሩ ይቀራረባል፤ በየግለሰቡ ሲታይ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ከገጠር ባንግላዴሽ የተገኘው ውጤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የቀያየሩ ሴቶች ታሪክ ይበልጥ እንደሚዛባ አሳይቷል።

ከዚህ የወሰድነው ትምህርት ቅደም ተከተሉን ነው። ጠያቂዋ መጀመሪያ የማይናወጠውን ትሞላለች። ልጆች የተወለዱበት ወር፣ ከዚያ በፊት ያሉት የእርግዝና ወራት፣ ቤት የቀየሩበት፣ ሥራ የጀመሩበት፣ ባል ርቆ የሄደበት ጊዜ። መከላከያው የሚገባው በእነዚህ መካከል በቀረው ክፍት ቦታ ነው። «ስንት ወር ተጠቀሙ?» አንልም፤ እሱ ነው አሥራ ሁለት የሚያስብለው። «ልጅዎ መሄድ ሲጀምር መርፌው ነበር?» እንላለን።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ከለከልን። ሴትየዋ ካልተናገረች ጠያቂዋ ክፍተት በግምት አትሞላም። ይህ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም ሙሉ የሆነ ሰንጠረዥ ለሱፐርቫይዘር ደስ ይላል። «አላስታውስም» የሚል ኮድ ጨመርን። እንዳየነው ለአንዳንድ ጠያቂዎች ይህን ኮድ መጠቀም ከመሙላት ይከብዳቸዋል። ሱፐርቫይዘሮቹ ይህን ኮድ እንደ ጉድለት እንዳያዩት በጽሑፍ አሳወቅን።

ጡት ማጥባትና ቀን ቆጠራ

በአጭሩ። ጡት በማጥባት መከላከል የሚሠራው ሦስት ነገሮች አብረው ሲሟሉ ነው፤ ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ የወር አበባ ሳይመለስ፣ ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ ወይም ወደ ሙሉ በተጠጋ ሁኔታ ጡት ሲጠባ። በ2013 የታተመ የ45 አገሮችን መረጃ ያካተተ ጥናት ይህን ዘዴ እንጠቀማለን ካሉት ሴቶች ሦስቱን ያሟሉት ከአራት አንዷ ያህል ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። እኛ ሦስቱን ጥያቄ ለየብቻ እንጠይቃለን፤ ዘዴው አለ የለም የሚለው ከመልሶቹ ይወጣል።

ቀን ቆጠራ ላይ ደግሞ «በወር አበባ ዑደት ውስጥ በየትኛው ጊዜ ነው የማርገዝ ዕድል የሚበዛው?» እንላለን። መሃል ላይ እንደሆነ የማታውቅ ሴት ቀን መቁጠሯ እውነት ነው፤ የቆጠረችው ግን ሊያድናት አይችልም።

ከካርድ ጋር ስናስተያይ

ለጥናቱ ከተፈቀዱት ተቋማት ፈቃደኛ የሆኑ ሴቶችን መዝገብ አየን። መዝገብ እውነት፣ የሴት ቃል ግምት ነው ብሎ መጀመር ያሳስታል። ሴትየዋ ሌላ ቦታ ተወግታ ሊሆን ይችላል። ኮንዶምና ድንገተኛ መከላከያ፣ ፖስት ፒል የሚባለው፣ ከፋርማሲ ስለሚገዛ ካርድ ላይ አይታይም። ኢምፕላንት ሲወጣ ደግሞ ያስገባው ተቋም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ካርዱና ቃሏ ሲለያዩ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጠን ምክንያቱን ለማወቅ ሞከርን። ደም ውስጥ ያለ ሆርሞን በሚለኩ ጥናቶችም ቃልና ምርመራ በሁለቱም አቅጣጫ ሲለያዩ ታይቷል፤ አልጠቀምም ባለች ሴት ደም ውስጥ ሆርሞን ይገኛል፣ እወስዳለሁ ባለች ሴት ደም ውስጥ ይታጣል። ምርመራው ደም መቅዳት ይፈልጋል፤ ለዚህ ጥናት አልመረጥነውም።

ያልተነገረ ጽንስ ማቋረጥ

ይህን ክፍል ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። መከላከያ እየተጠቀመች ካረገዘች ሴት ውስጥ ብዙዋ ጽንሱን ታቋርጣለች፤ ጽንስ ማቋረጥ ደግሞ በቃለ መጠይቅ በጣም ከሚደበቁት ነገሮች አንዱ ነው። ጽንስ ማቋረጥ እስከ 2022 በመላ አገሪቱ ሕጋዊ በነበረበት፣ ዝርዝር የክሊኒክ መረጃ ባለበት በአሜሪካም እንኳ በብሔራዊ ጥናታቸው ፊት ለፊት የሚነገረው ከተፈጸመው ከግማሽ በታች ነበር። ይህ ሲጠፋ የዘዴው ውድቀት መጠን አብሮ ይቀንሳል። ዘዴው ከእውነታው የተሻለ መስሎ ይታያል። ሴቶችም በዚያ ቁጥር ተመክረው ይመርጣሉ። የውድቀት መጠን ስናወጣ ይህን ማስጠንቀቂያ ከሰንጠረዡ ጎን እንጂ በመጨረሻ ገጽ ላይ እንደማናስቀምጠው ተስማምተናል።

ሁለተኛ ዙር ጥየቃ

ከተጠየቁት መካከል የተወሰኑትን ሌላ ጠያቂ ተመልሳ ጠየቀች። የጥያቄው ሐሳብ ቀላል ነው፦ በአጭር ጊዜ ውስጥ መልሱ ከተቀየረ ነገሩ ራሱ ተለውጧል ወይስ አጠያየቃችን ነው? ስለዚህ «ካለፈው ጊዜ ወዲህ የቀየሩት ነገር አለ?» የሚለውን መጨረሻ ላይ እንጠይቃለን።

ውጤቱን ለመተንተን ስንቀመጥ ሁሉም እንዲገባው በነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ምሳሌ ሠራሁ። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ የተሰጠ ነው። 1,000 ሴቶች አሉ እንበል፤ በእርግጥ የሚጠቀሙት 400 ናቸው። ከ400ዎቹ 10 በመቶው «የለም» ቢሉ 40 ይጠፋሉ፤ 360 ይቀራሉ። ከማይጠቀሙት 600 መካከል 2 በመቶው «አዎ» ቢሉ 12 ይጨመራሉ። የሚወጣው 372 ነው፤ ከ40 በመቶ ፈንታ 37.2 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ደስ የሚልም ይመስላል። ግን በተሳሳተ ሳጥን ውስጥ የገቡት 52 ሴቶች ናቸው። ሁለቱ ስህተቶች እርስ በርስ ቢካካሱ አማካዩ ፍጹም ትክክል ሊመስል ይችላል፤ ስህተቱ ግን ተደብቆ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሰዎች «ቁጥሩ ከሌላ ጥናት ጋር ይቀራረባል» ብለው ሲያረጋግጡልኝ የምጠይቀው በየግለሰቡ ስንቱ ተቀያየረ የሚለውን ነው።

ከሌላ ነገር ጋር ሲያያዝ ደግሞ ይብሳል። ስህተቱ በትምህርት ደረጃ፣ በዕድሜ ወይም በአማት ቤት መኖር የሚለያይ ከሆነ በሁለት ቡድኖች መካከል ያገኘነው ልዩነት የአጠቃቀም ሳይሆን የመናገር ልዩነት ሊሆን ይችላል። ለብቻ መጠየቅ አለመጠየቅን የመዘገብነው ለዚህም ነው።

በሁለተኛው ዙር የተረጋገጠልን ነገር መጀመሪያ ያሰብነውን ይደግፋል። ቋሚና የረጅም ጊዜ ዘዴዎች ላይ የመጀመሪያው «የለም» ሲመረመር ብዙ ጊዜ «አለ» ይሆናል። ኪኒን ላይ የመጀመሪያው «አዎ» ሲመረመር ይሳሳል። መርፌ በመሃል ነው፤ የሚወሰነው በቀኑ ነው። ኮንዶም ላይ ደግሞ መልሱ ከዘዴው ይልቅ ከአጋሩ ጋር ነው የሚቀያየረው።

ሪፖርቱ

አንድ ባልደረባ ሁለቱን ተለዋዋጮች ትተን በአንድ ቁጥር እንድናወጣ ጠይቋል። ውሳኔ ለሚወስን ሰው አንድ ቁጥር ይቀላል ይላል፤ እሱም አይሳሳትም። ሆኖም አንዷ ቁጥር ምን እንደያዘች ሳይታወቅ ከጥናት ጥናት ስትነጻጸር የሚፈጠረው ጉዳት አለ። መጠይቁ ከተለወጠ በኋላ ተጠቃሚነት ከፍ ካለ ሰው ተጨመረ ወይስ የተረሳው ተገኘ? ይህን መለየት የሚቻለው የድሮው ጥያቄ ከአዲሱ ጎን ሲቀርብ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር ግማሹ ናሙና በድሮው፣ ግማሹ በአዲሱ እንዲጠየቅ ሐሳብ አቅርበናል፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ታብሌቱ በዕጣ ይለያል።

በዚህ ሳምንት የቀረው የጠያቂዎች መመሪያ ነው። ስለ ኢምፕላንት ዘንግ ቁጥር፣ ስለ 119ና 70 ቀናት፣ ስለ ክትባት ገጽ ቁልፉ የተጻፈው ተጠናቋል። ድንገተኛ መከላከያ አሁን ድረስ እያከራከረን ነው። አንዳንዶች ወር በወር የምትወስደውን ሴት «ተጠቃሚ» እንበላት ይላሉ፤ ሌሎች «ባለፈው ወር ስንቴ ወሰዱ?» ብለን ብቻ እንያዝ ይላሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ።

ነገ ከጠያቂዎቹ ጋር መመሪያውን ጮክ ብለን እናነባለን። ሲያነቡት የሚደናቀፉበት ቦታ ሁሉ ይታረማል፤ ከዚያ ወደ ማተሚያ ይሄዳል።